ሸክላ ፍለጋ

ቅዳሜ ገበያ ወርጄ «ሸክላ አለ ወይ?» ብል ገና፣
አንዷ የወለቃ ድስቷን ከጭድ ውስጥ አወጣችና፣
«ስሚው» አለች፣ በጣቷ ቋ አድርጋ፤ «ስንጥቅ የለው።»
«አይ እናቴ፣ እኔ እምሻው የሚዘፍነውን ነው።»
«ይኸስ መች ዝም አለ?» ብላ ደግማ ቋ! አደረገችው።
ገዛሁት። ሽሮ ስሠራበት ይኸው አራት ዓመቱ ነው።

የሚዘፍነውን ያገኘሁት አውቶፓርኮ ግድም ነበር፣
ከቆራሌው ኬሻ፣ ከጠማማ ማንኪያና ከዛገ ሽቦ ሥር።
ሰባት ኢንች፣ ጥቁር፣ ልባስ የሌላት፣ የመሐል ወረቀቷ የለቀቀ።
«ስንት ነው?» «ሃያ።» «ምን አለበት?» ትከሻውን ነቀነቀ፤
«ሰሐን ነው መሰለኝ» አለ፣ «መሐሉ ላይ የተበሳ።»
ሃያዬን ሰጥቼ ሮጥኩ፣ ዋጋውን ሳያነሳ።

ማታ መርፌውን ባሳርፍባት፣ መጀመሪያ ዝናብ ዘነበ፤
ቀጥሎ ፒያኖ፤ ቀጥሎ ከበሮ፤ ከዚያ አንድ ሳክስፎን ቀረበ፣
ዳገት እንደሚወጣ ሰው፣ ሳይቸኩል፣ እያረፈ።
ሁለት ደቂቃ ላይ አየር ሳበ፤ እዚያው ላይ መርፌው ተደናቀፈ፤
ቀጭ! ብሎ ዘለለ።
ያቺን ዝላይ ወደድኳት።
ፋርማሲ ክኒን ስቆጥር እንኳ፣ እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ እዘላታለሁ፤
ደንበኞቼ አንድ ክኒን ቢጎድልባቸው፣ ይቅርታ እላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ሱስ ሆነ። ባሕር ዳር ሄድኩ ለአንዲት ጎባጣ፤
ከቀሃ ማዶ፣ ከሟች መምህር ቤት፣ አሥራ አንድ በአንድ ጊዜ ወጣ።
መዝገብም ያዝኩ፣ ባለ መስመር ደብተር፦
ፒያኖ እገሌ፣ ባስ እገሌ፣ ቀን፣ ስቱዲዮ፣ የጭረት ቁጥር።
የሃያ ብሯ ገጽ ግን ባዶ ነበር።

ዘንድሮ በሰኔ ሳጥኑ መጣ፤ አዘዞ ከአውሮፕላን ወረደ።
ስምንት ሸክላ፣ ወፍራም ጥራዝ፤ የሦስት ወር ደሞዜ አብሮ ሄደ።
አምስተኛው ላይ የኔዋ ዜማ! ታጥባ፣ ተቀብታ፣ ተኩላ፣
ዝናቡ የለ፣ ቀጩ የለ፤ ቁጭ ብላለች ሙሽራ መስላ።
ጥራዙን ገልብጬ፣ የባዕዱን ቋንቋ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣
ደብተሬ ላይ «ሳክስፎን፦ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ።

ጃንተከል ዋርካ ሥር ሎተሪ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ አሉ፤
በየወሩ መባቻ የአስማቸውን ፓፍ ሊወስዱ ይመጣሉ።
ያን ቀን ዜማዋ ከስልኬ በስሱ ትወጣ ነበር።
ጣቶቻቸው መስተዋቱን ተጫኑ፤ ሦስት፣ አንድ፣ ሦስት፤
ከዜማው በፊት! ዜማው ነው ከኋላ የሚከተላቸው።
«አባባ?» ስላቸው ደነገጡ፤ እጃቸውን ኪስ ከተቱት።
«አዘዞ፣ የጦሩ ባንድ» አሉ፣ «አሮጌ ነገር።
አንድ ሌሊት አዲስ አበባ ወስደው አስነፉን፤
ለሰባት ብር አበል። ስም ማን ይጠይቅ ነበር!»

ሱቁን ዘግቼ ቤት ወሰድኳቸው። የሳጥኑን ሰሙ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፤
«ጥሩ ነው፤ ንጹህ ነው። ግን ይኼ ሰውዬ አይተነፍስም» አሉ፣ «ምን ነክቶት ነው?»
ለካ ጭረቱን የፋቀ እጅ አየሩንም ፍቆታል።
የሃያ ብሯን አወጣሁ። ዝናብ። ፒያኖ።
ሁለት ደቂቃ ላይ ስትደርስ አፋቸውን ከፈቱ፤
እሷም እሳቸውም አንድ አየር ሳቡ።
ቀጭ!
ሳል ጀመራቸው። ውሃ ሰጠኋቸው። ፓፋቸውን ሁለቴ ሳቡና
«ይኸውልሽ» አሉ፣ «ያኔም ልክ እዚህ ላይ ያጥረኝ ነበር።»

ሲሄዱ ደብተሬን ገለጥኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ
በገዛ እጄ የጻፍኩት «ታወቀ እንዳላማው፤ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት» አይደል ወይ?
ከ«ያልታወቀ» ላይ የፊተኞቹን ሁለት ፊደላት ሰረዝኩ።
ሌላ ምንም አልጨመርኩ።

ሳጥኑን ልሽጠው አልኩና ተውኩት፤ ደሞዜ ነው፤ ደግሞ ጥብጣቧ ታምራለች።
የሃያ ብሯ ከድስቱ ጎን ናት። ቋ አላደርጋትም፤
ስንጥቋን አውቀዋለሁ፤ እንዲያው ትዘፍናለች።