የሠላሳ ቀን ፈቃድ

ከቢሾፍቱ በር ስወጣ የሰጡኝ ወረቀት
ሠላሳ ቀን ይላል፣ ማኅተም አለበት።
«ኮርሱ እስኪከፈት ቤተሰብ ጠይቁ፣
ስልክ አትዝጉ» አሉን፣ «ከአስፋልት አትራቁ።»
ዓይኔን በፊደል ገበታ፣ ጆሮዬን በፉጨት፣
ደሜን በብልቃጥ፣ ልቤን በሽቦ ለክተውት፣
ጥርሴን እንደ በቅሎ ገልጠው ቆጥረውኛል፣
በመጨረሻው ገጽ «ብቁ ነው» ብለውኛል።

ብቁ ነኝ እንግዲህ።
ብቁ ሆኜ ኮምቦልቻ፣ ከአባቴ ጎሚስታ፣
ጎማ እፈታለሁ ከንጋት እስከ ማታ።
ሠላሳው አለቀ። ደወልኩ። «ጠብቅ» አለኝ
የማላውቀው ድምፅ። ሌላ ሠላሳ አለቀ፤
በሦስተኛው ወር ላይ ገና «ሃሎ» ስለው
«ኑርዬ ነህ?» አለኝ፤ ድምፄን አወቀ።

ጋሽ አበጋዝ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ
«አብራሪው!» ይለኛል፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ፣
«ዛሬም በመሬት ነው?»
በመሬት ነው ጋሼ። ዛሬም በመሬት።
ኳስ አልጫወትም፤ ቁርጭምጭሚቴ የመንግሥት ንብረት፤
የልጆቹን ጃኬት ይዤ ሜዳ ዳር እቆማለሁ።
ጫት ሲዘረጋ ተነስቼ እሄዳለሁ፤
ደሜን ዳግመኛ ያዩታል መሰለኝ።
በመዲና ሰርግ አክስቶቼ ሲያጎርሱኝ
ሦስተኛውን ጉርሻ ለአንድ ሕፃን አሳለፍኩ፤
የሆነ ቦታ ሚዛን ይጠብቀኛል።

እናቴ ስለዚህ ነገር ብዙ አትናገርም።
ካሮት ታበላኛለች፣ ለዓይን ነው ብላ፤
ሲጠይቋት «ሥራ ይዟል» ትላለች፣ ወሬውን ጠቅልላ።
በዚያ ኅዳር፣ የማንም ይሁን የማን፣
ያ ድምፅ ከሰማይ ሲመጣ
እኔንና መዲናን አልጋ ስር ከታ፣
በእኛ ላይ ፍራሹን፣ በፍራሹ ላይ ራሷን አስተኝታ፣
ድምፁ ቦርከናን ተሻግሮ እስኪጠፋ ድረስ
ጣቷን ከጸጉሬ አላነሳችም፤ አንድም ቃል አልተነፈሰችም።
አሁን የመንገደኛው አውሮፕላን ጠዋት ሲያልፍ እንኳ
እጇ ሳታውቀው ራሴን ይፈልጋል።
ስለዚህ «ብቁ ነው» የሚለውን ገጽ
አንብቤላት አላውቅም።
እሷም አንብብልኝ አላለችኝም።

ትናንት ሐረጎ ላይ የአንድ አይሱዙ ጎማ ፈነዳ።
አባቴ ላከኝ። ጉም ነበር፤
የፊት መብራት የማይበሳው፣
መንገዱን ከገደሉ የማይለይ ጉም።
ሳቄ መጣ፦ ይኸው ደመና ውስጥ ገባሁ፣
በእግሬ፣ ክሪክ ተሸክሜ።

ከመኪናው ስር ተንጋልዬ ሳለሁ
ከላይ አውሮፕላን ሰማሁ። አይታይም።
መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ ዞሮ መጣ።
ኮምቦልቻ ተሸፍናለች፤
ከታች አንድ ሰው «ጠብቅ» ብሎታል።
እሱም ፈቃድ አጥቶ ነው።
ሆዱ ውስጥ ቀበቶ ያሰረ ሰው ሞልቶ፣
አንዱ ለቅሶ ደራሽ፣ አንዱ የጨርቅ ነጋዴ፣
ከፊት ያለው ደግሞ እጁ መሪው ላይ፣
እየዞረ፣ ነዳጁን እየቆጠረ፣
«አብሽር» ይላል ይሆን ለራሱ?

እኔም «አብሽር» አልኩ፤ ለማን እንደሆነ እንጃ።
ብሎኑን ግማሽ ዙር ጨመርኩት።
ብሎን ይጠብቃል። ሰው ይጠብቃል።
ሲጻፍ አንድ ነው፤ ሲነበብ ግን
ላልቶ የሚነበበው የብሎኑ ነው፣
የሰው ነው የሚጠብቀው።

ድምፁ ቀጠነ። አርፎ ይሁን ተመልሶ አላወቅኩም።
ሹፌሩ «ስንት ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ተከራከረኝ።
ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ ጉሙ ሲሳሳ፣ ኔትወርክ ሲመለስ፣
ስልኬ በደረት ኪሴ፣ ከወረቀቱ ጎን፣
አንዴ ነዘረ።

እጄ ግራሶ ነው።
ከወንበሩ ስር ጨርቅ እየፈለግኩ ነው።