ያጠፋው

ሱቄ ሳሙና በር ነው፤ ሳሙና ግን አልሸጥም፣
ልብስ ሰፊው ካላሳየ ፈልጎ የሚያገኘኝ የለም።
የታመመ ኮምፒውተር ይመጣል፤
አቧራው ይራገፋል፣ ቫይረሱ ይነቀላል፣
ማራገቢያው ሲያቃስት ጠብታ ዘይት ይበቃዋል።

እትዬ እንጉዳይ መጡ፣ ጥቅምት ሲጋመስ፣ በማለዳ፣
ማዳበሪያ ከረጢት ታቅፈው፣ ከባጃጅ ወርደው በስንት ፍዳ።
«የመምህር ክንዴ ነው። ገዢ አግኝቻለሁ ካዘዞ፣
ነገ ይመጣል ብሩን ይዞ።
ፎቶውን ልጄ ገልብጣለች፣ ፈተናውንም አንሥታለች፤
የቀረ ካለ አጥራልኝ» አሉ፤
እጃቸው ግን ከረጢቱ ላይ ቀረች።

መምህር ክንዴን አውቃቸዋለሁ፤ ሒሳብ አስተምረውኛል፤
«ኤክስ የት ሄደ?» እያሉ በጠመኔ ግንባሬን መትተውኛል።

ከፈትኩት፣ በሳቸው ስም፤
የይለፍ ቃሉን እትዬ ከብጣሽ ወረቀት አነበቡልኝ።
ዴስክቶፑ ባዶ፣ ቅርጫቱም ባዶ። «አለቀ» ልል ነበር።
ልማድ ሆኖብኝ ወረድኩ፣ ማንም ወደማይወርድበት፣
ማሽኑ ለራሱ ሲጽፍ ወደሚያድርበት።

ማንም አላዘዘው፤ ይጽፋል።
ሲነቃ «ነቃሁ» ይላል፣ ሲተኛ «ተኛሁ» ይላል፤
ፕሪንተር ሲጠፋበት ይከስሳል፣
ሰዓቱ ሲዛነፍ ይናዘዛል።
እንደ ክፉ ጎረቤት መጋረጃ ገልጦ፣
ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት፣
ቆጥሮ፣ አስቀምጦ።

ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፣ ኩፍኝ እንደ ወረሰው፤
«ያለፈው መዘጋት ያልታሰበ ነው።»
መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ቀይ፤
የክረምቱ መብረቅ ቀይ፤
ቀሃ ማዶ ትራንስፎርመር የፈነዳ ለታ ቀይ፤
ሠርግ በበዛበት ጥር፣ ሰፈሩ ድምፅ ማጉያ ሲሰካ፣
ቀይ በቀይ።
ያ ስንራገመው የኖርነው ጨለማ ሁሉ
ለካ ተቆጥሮ ኖሯል፣ አንድ በአንድ፣ በሙሉ።

እትዬ እንጉዳይ መነጽራቸውን አወጡ።
«ይሄ ምንድነው?»
«መዝገብ ነው፣ ማሽኑ የጻፈው።»
«ስለ ማን?»
«ስለ ራሱ» አልኩ። ቆየሁና፣ «ስለሳቸውም።»

ወንበሩን ሳቡ።
«ለግንቦት ሃያ አንድ አጥቢያ ያለውን ፈልግልኝ» አሉ።
ማሽን በፈረንጅ ነው የሚቆጥር፤
ስምንት ዓመት ቀድሞናል፣ ዘጠኝን ሦስት ይለዋል፤
በጣቴ ቀን ስመነዝር እሳቸው ያወራሉ፣ ላንዳች ሰው እንደሚነግሩ፦
«መብራት ሄዶበት ነው? በዳበሳ ሲነሣ ነው የወደቀው?
አምስት ወር ሙሉ ይሄ ነው ሌሊቴን የሚቀሰቅሰው።
ሻማው እኔ ራስጌ ነበር። ክብሪቱም።»

አገኘሁት። ቀይ አልነበረም።
ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ። ተራ ሰማያዊ ነጥብ።
በክንዴ ትእዛዝ፣ በሥርዓቱ ተዘጋ።
«ራሳቸው አጥፍተው ነው የተነሡት፣ እትዬ።
መብራት ነበረ።»

«መብራት ነበረ» አሉ፤
ለእኔ አልነበረም ያሉት።
ልብስ ሰፊው ሲንጀሩን አቆመ። ደግሞ ቀጠለ።

«በል አሁን አጥፋው።»
«ገዢው አያየው፣ ማንም አይወርድበት፤ ልተወው?»
«አጥፋው ልጄ። የተለቀለቁበት ውኃ ቤት አያድርም።»

አጠፋሁ። ስድስት ሺህ ከምናምን መስመር፣ አንዲት ጠቅታ፤
የክረምቱም መብረቅ፣ የጥሩም ሠርግ፣ ያቺም ማታ።
ነጭ ሆነ።
ወዲያው ግን እዚያው ፊታችን አንዲት መስመር ወጣች፣
መዝገብ መጥፋቱም ይመዘገባልና፣ ሳትጠራ የመጣች፦

«መዝገቡ ተጠርጓል።
ያጠፋው፦ ክንዴ።»

«ምን ይላል?» አሉኝ። መዋሸት አማረኝ። አነበብኩላቸው።
ዝም አሉ፣ ከዚያ ከወደ ጉሮሯቸው ሳቅ መጣባቸው፤
«እውነቱን ነው» አሉ፣
«ሰሌዳ ሳያጠፋ ከክፍል ወጥቶ አያውቅ።»

ከረጢቱን አሰሩ። ሒሳብ አልተቀበልኩም።
ባጃጁ ዳገቱን ሳይጨርስ መብራት ሄደ።
ልብስ ሰፊው መብራት ኃይልን ሰደበ፣ እኔ በር ላይ ቆምኩ፤
ውስጥ፣ የራሴው ማሽን በጨለማው ዝም ብሏል፣
ሲነቃ የሚጽፈው አለው።