በዚህ ዘይት ስንት ልጅ

ፓታጎንያ ላይ ንፋስ ሥራ አይፈታም፣
ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ ጧትም አይገታም።
ጠጠሩን አስነሥቶ ቆርቆሮ ሲደበድብ፣
አቧራው በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ ሲሰበሰብ፣
የኔሪስ ሬኖ መጣች፣ እንደ ልማዷ ስታስል፣
አንዱ በሯ ነጭ ነው፣ ሌላው የእንቁላል አስኳል።
ሰባ ዘጠኝ ሥሪት፣ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች፣
ክረምት ከበጋ ግን በአንድ ቁልፍ ትነሣለች።

ኔሪስ አዋላጅ ነበረች፣ የጋይማን ሸለቆ ሁሉ፤
በእጇ ላይ ነው የወደቁት፣ ዛሬ ጢም ያበቀሉ፦
በግ ሸላቹ፣ ፖስተኛው፣ የዳኛው ጸሐፊ፣
እኔም፣ በእግሬ መጥቼ፣ ወግ ልማድ ተላላፊ።

አባቴ ኤላዲዮ ከጉድጓዱ ወርዶ፣
የሚፈሰውን ዘይት በጣቱ ጫፍ ወስዶ፣
አሽቶ፣ አሽትቶ፣ ለብርሃን አሳይቶ፣
መኪናዋ የከረመችበትን ይናገር ነበር አጣርቶ፦
«ይሄ የጠጠር ነው፤ ይሄ ወንዝ የተሻገረ፤
ይሄ በአንደኛ ማርሽ ዳገት ላይ የነፈረ።»
«የሚመጣው ወር ይሁን» ብሎ ደንበኛ ቀን ሲገፋ፣
አባቴ አይከራከርም፣ ንግግር አያከፋ፤
መስኮቱ ላይ የተቀመጠ የነደደ ፒስተን ያሳያል፤
«የዚህም ባለቤት» ይላል፣ «የሚመጣው ወር ብሏል።»

ለኔሪስ ግን አንድም ቀን ያንን አላሳያትም፤
አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ቁጥር አታሳልፍም።
ከክሩስኮቱ መሳቢያ፣ በላስቲክ የታሰረ ደብተር፣
በእርሳስ የተሰመረ ሦስት ዓምድ ነበር።
ቀኑ።
ኪሎ ሜትሩ።
ሦስተኛው፦ «በዚህ ዘይት ስንት ልጅ።»
አሥራ አንድ። ዘጠኝ። አሥራ አራት፣ ሁለቱ መንታ።
አንድ ቦታ ሰባት ተሰርዞ ስድስት ተጽፏል፤
አልጠየቅኳትም።
ሐምሌ ሰማንያ ሁለት፣ በረዶ የጣለ ጊዜ፣ አሥራ ሁለት ይላል።
ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ነኝ። ስም የለም። ቁጥር ነኝ።

ዛሬ አባቴ የለም። ጉድጓዱም ኪያቬውም የኔ ነው።
ካለፈው ዘይት ወዲህ መቶ አርባ ኪሎ ሜትር ብቻ፣
ከቤት እስከ ዳቦ ቤት፣ ከዳቦ ቤት መመለሻ።
«ኔሪስ፣» አልኳት፣ «ገና ነው፤ ገንዘብሽን አታባክኚ፤
ዘይቱ ማር ይመስላል፣ ሌላ ዓመት ይቆይ፣ እመኚኝ።»
መነጽሯን ጠረገች በሹራቧ ጫፍ፤
ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ቃል አታባክንም ከአፍ።
«ዘይት ቆሞም ያረጃል፣» አለችኝ።

ሞተሩን አሞቅኩት። ኮፋኖውን ከፍቼ
የዘይት መሙያውን ክዳን ገለበጥኩት አንሥቼ፤
አይብ የመሰለ ነጭ ከሥሩ ተለጥፏል።
ማር ያልኩት ለካ ከላይ ነው።
በአጭር መንገድ ሲያልበው፣ ሳይግል መልሶ ሲበርድ፣
ውሃና ዘይት ተጋብተው ይወልዳሉ እንዲህ ያለ ጉድ።
አባቴ ቢኖር በጣቱ አሽቶ ያነበው ነበር፦
«ይሄ የዳቦ ቤት ነው፤ ይሄ ብቻውን የሚኖር።»

ጉድጓዱ ውስጥ ወረድኩ። ትኩሱ ክንዴን ለበለበው።
አሮጌው እስኪያልቅ ጠበቅኩ፣ ጠብታው እስኪቆጠር።
አዲስ ፊልትሮ። አዲስ የመዳብ ቀለበት።
ብሎኑን ሳጠብቅ ድምፅዋ ከላይ መጣ፦
«እሰሪው እንጂ አታንቂው።»
አባቴም ይህንኑ ይለኝ ነበር፣ በዚሁ ጉድጓድ፣ በዚሁ ቃል።
ማን ከማን እንደሰማው እንጃ፤
አንዱ ስለ ብሎን፣ አንዷ ስለ እትብት።

«በሳምንት አንድ ቀን፣» አልኳት፣ «እስኪግል ድረስ ንጃት፤
ሠላሳ ኪሎ ሜትር፤ ዘይት ብቻውን አያድናት።»
አልመለሰችልኝም። ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘረጋች፣
ቀኑን ጻፈች፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፈች፤
ሦስተኛው ዓምድ ላይ እርሳሷ ቆየ።
ዜሮ አልጻፈችም። ባዶ ተወችው።

በሩን ንፋስ እንዳይወስደው በሁለት እጄ ይዤ
አስገባኋት። በአንድ ቁልፍ ተነሣች። ጭስ የለም።
በሁለተኛ ማርሽ እስከ መታጠፊያው አየኋት፤
በዳቦ ቤቱ በኩል አልታጠፈችም።