ያምና እንጨት

ከግድግዳው ሆድ ውስጥ የተሸጎጠ ብረት፣
በሩ መስታወት ነው፣ ውስጡ የአመድ ቤት።
ሐምሌ ሐዋሳን ከነሐይቁ ሲያረሰርስ
እንግዳ ሳይነቃ እኔ ነኝ የምደርስ።

አመዱን በሙሉ አልዝቅም፤ ሁለት ጣት
ከሥር አስቀራለሁ፣ ፍሙ እንዲተኛበት።
ጋዜጣ አርጥቤ፣ አመድ አስነክቼ
መስታወቱን ሳሸው፣ ጥቀርሻውን ፈትቼ፣
ያልታጠበ ፊቴ ብቅ ይላል ከማዶ፤
ምድጃው ይጠብቃል፣ ሆዱ ገና ባዶ።

“አየሩን ክፈቺው” ይል ነበር ሐሜሶ፣
“ጭስ መንገድ ካጣ ወዳንቺ ነው ተመልሶ።
እርጥብ እንጨት ሐሜት ነው፤ ሲጨስ ነው የሚያድር፣
ዓይን ያስለቅሳል እንጂ ሰው አያሞቅም ከምር።”
ሁለት ፍልጥ አጋጭቶ ጆሮውን ይጥላል፤
ደረቁ ቃ ይላል፣ እርጥቡ ድም ይላል።

አንድ ማታ ጭሱ እምቢ ብሎ ሳሎኑ ታፈነ፤
ሐሜሶ መሰላል ይዞ ጣራ ላይ ሆነ።
አባ ኮዳ ጭስ ማውጫው አፍ ላይ ጎጆ ጀምሯል ሊሠራ፤
“ሳይከፍል የሚያድር እንግዳ!” ብሎ ጮኸ ከጣራ።
የሽቦ ብሩሹን ሰዶ፣ ጥቀርሻውን ፍቆ
ወረደ፣ ጥርሱ ብቻ ነጭ ሆኖ፣ ስቆ።

በጥቅምት፣ ንፋስ የጣለውን ግራር ፈልጦ ደረደረ፤
ቆርቆሮ አልብሶ ቀኑን በጠመኔ አሰፈረ።
በጥር ታመመ፤ ልጁ ወስዳው አለታ ወንዶ ቀረ።

ዛሬ የሚሞቁት ክንዱን ነው፤ እንግዶቹ አያውቁም።
“ጥሩ ምድጃ ነው” ይላሉ፤ እኔም አላርማቸውም።
ጠመኔው ዝናብ ነክቶት ግማሹ ጠፍቷል፤
የቁልሉም ወገብ ወደ መሬት ወርዷል።

ነገ መጥረቢያ እስላለሁ። ግራቪሊያው እርጥብ ነው፣
ለከርሞ ነው የሚነድ። ማን እንደሚያነደው
አላውቅም። ጠመኔ ግን ገዝቻለሁ።