ሞተር የለውም

ኦሉ ከተማ ላይ፣ ጥር ወር ሲጋመስ፣
የሟች ባሏ ኮሮላ በረዶ ሲለብስ፣
ቱሊኪ ፎቶ አንስታ ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው፣
የጎኑን ጭረት እንኳ አልሸሸገችው።

ገና ሻይዋ ሳይበርድ መልእክት ደረሳት፦
«እመቤቴ፣ መኪናው እንዴት ያለ ውበት!
የባሕር መሐንዲስ ነኝ፣ መርከብ ላይ ነው ያለሁ፣
መጥቼ ባላየውም፣ ካልሽው በላይ እከፍላለሁ።
ትርፉን ለአጓጓዡ መልሰሽ ላኪለት፣ እህቴ፣
የባንክ ቁጥርሽን ስጪኝ፤ ሐቀኛ ነኝ፣ በሞቴ።»

ቱሊኪ መነጽሯን ጠረገች በሹራቧ።
አንድ ነገር ከነከናት፤ አንገራገረ ልቧ፦
በዚህ አገር፣ በዚህ ውርጭ፣ መኪና የሚገዛ
«በብርድ ይነሳል ወይ?» ሳይል? እንዲህ እንደዋዛ?

ቶርኒዮ ድንበር ላይ ስንቱን ሻንጣ የፈተሸች፣
ፈገግ አለችና እንዲህ ብላ ጻፈች፦
«ይቅርታ፣ ረስቼው፤ ሞተር የለውም።»
«ችግር የለም፣ እመቤቴ፤ እኔ ግድ የለኝም።»
«ጎማም የለው» ብትል፣ «ክፍያውን ልኬዋለሁ!»
«መኪናም የለም» ስትለው፣ «አምንሻለሁ!»

ብቻዋን ሳቀች።
ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዋ።

ቅዳሜ ኡርሆ የሚሉት ጎረምሳ መጣ፤
ሰላምታው አጭር፣ ፊቱ የተቆጣ።
በረዶው ላይ ተንበርክኮ ሆዱን አየ በባትሪ፣
«ዝጓል፣ ዘይት ያንጠባጥባል» አለ እንደ መርማሪ።
ገዢማ ያጣጥላል፤ ሌባ ነው የሚያወድስ፤
ሦስት መቶ ዩሮ አስጣላት፣ ጓንቱን መልሶ ሳይለብስ።

ቁልፉን ልትሰጠው ስትል እጇ ትንሽ ዘገየ።
«ግራው የኋላ በር» አለች፣ «ከውጭ አይከፈትም፤
ኦይቫም ሊያሠራው ሲል…» ቃሉን አልጨረሰችውም።

«አውቃለሁ» አለ ልጁ። «ቅድም ሞክሬዋለሁ።»