ሠላሳ አምስቱ

ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው ጥግ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ባለው በር፣
ሽባባው ሦስት ሌንሶች በጋቢው ጫፍ እየወለወለ ሲደረድር ነበር።
«መስተዋት በጋቢ አይወለወልም» ልለው አልኩና
ዋጋ እንዳይጨምር ዋጥኩት እንደገና።
በኪሴ ያለችው የሦስት ጥር ሠርግ ናት፣
ለአንዱ ትበቃ እንጂ ለሦስቱ አቅም የላት።

ሰማንያ አምስቱን ሳነሣው ደስ አለኝ ክብደቱ፤
ከደጃፉ ቆሜ ሳነጣጥርበት ማዶ ካስፋልቱ፣
ተራ የሚጠብቅ የባጃጅ ነጂ ቅንድብና ሽፋሽፍቱ
አንድ ባንድ ተለየ። ከኋላው ያለው ሁሉ፣
ባንኩ፣ ባሕር ዛፉ፣ የክሊኒኩ ታፔላ በሙሉ፣
እሳት እንደነካው ማር ቀለጠ።
«ይኼ ነው ሌንስ!» አለኝ ሽባባው፣ የወርቅ ጥርሱን ገለጠ።

ነገር ግን ስቱዲዮዬ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የተከራየኋት፣
ከግድግዳ ግድግዳ አራት እርምጃ ናት።
ታየኝ፦ ደንበኛዬን ከውስጥ አስቀምጬ፣
እኔ ከቦዩ ማዶ ጃንጥላ ጨብጬ፣
ከጮቄ የወረደ ዝናብ ጀርባዬን እየመታው፣
«ትንሽ ቀና በል!» ብዬ ስጮህ፣ መኪና ድምፄን ሲበላው።

ሃምሳው ጨዋ ነው፤ ርካሽ ነው፤ ቀላል፤
የሰው ዐይን የሚያየውን ያህል ያያል ይባላል።
ያማከርኩት ሁሉ «እሱን ውሰድ» አለኝ፣ መቼም ክፉ አይወጣው፤
ሰው ሁሉ የመረቀው ነገር ግን
እንቅልፌን ነው የሚያመጣው።

ሠላሳ አምስቱ ቀለሙ ተልጦ፣
ከቀለበቱ ላይ ቁጥሩ በማላውቀው አውራ ጣት ተውጦ
ከዳር ተቀምጧል። አየሁበት፤ ክፍሉ እንዳለ ገባ፤
ሽባባው፣ በበሩ በኩል የጎማው ክምር፣
ያምና ካላንደር፣ የፕላስቲክ አበባ።
ምንም አላቀለጠ፤ ማንንም አልጎተተ፤ ማንንም አልሰወረ፤
ፊት የፈለገ ሰው ይቅረባ! እግር ለምን ተፈጠረ?

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ ያምናው የደምበጫ ሠርግ።
በሰማያዊ ሸራ ሥር ሰው ሁሉ ሰማያዊ፤ ከዳሱ ጥግ
አንዲት ሴት ቆማለች፣ ከምሰሶው ኋላ፣ ሳህን እንኳ ሳትይዝ፤
ሙሽሪት በሳቀች ቁጥር የሷም ከንፈር ሲፈታ፣ ወዲያው መልሶ ሲያዝ፣
ዙሜን ዘረጋሁ። አልቀረብኩም። ካለሁበት ሰረቅኳት።
ቀና አለች፤ የሌንሴ ዐይን ግንባሯ ላይ ጠበቃት፤
ነጠላዋን ስባ ፊቷን ጋረደችው፣
ዳሱን በጓሮ በኩል ለቀቀችው።

ፎቶው ጥርት ብሏል። አልሸጥኩ፣ አልሰረዝኩ፤
የሙሽሪት ምኗ እንደሆነች ቀርቶ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩ።
ሃያ እርምጃ ነበር በመካከላችን፤ ዙሙ ነው የሄደልኝ፤
አንድ «እንዴት ዋልሽ» የሚያክል መንገድ ነው ያስቀረብኝ።

«የተላጠውን? ኧረ ተው! ሰማንያ አምስቱን በዱቤም ቢሆን ልስጥህ።»
«የተላጠውን።»
«ሃምሳውስ? አዲስ ነው እኮ፣ ከነካርቶኑ፣ ልቀንስልህ።»
«የተላጠውን አልኩህ።»
ማለ፤ እኔም ማልኩ፤ ሁለት መቶ ብር ወረደ።
ምራቅ እየነካ መቁጠር ሲጀምር፣ እጄ ወደ ካሜራዬ ሄደ፤
ገጠምኩት።
አንድ እርምጃ፤ ሌላ እርምጃ፤ ጠረጴዛው ሆዴን እስኪነካኝ ተጠጋሁት።
«ምነው ጃል፣ ልትስመኝ ነው?» ብሎ ቀና ሲል፣ ወርቅ ጥርሱ ሲበራ፣
ጠቅ አደረግሁት፤ አፍንጫው ገዝፎ ወጣ እንደ ጮቄ ተራራ።

ሒሳቡ ጠፋበትና እየሳቀ ካንድ ብሎ ጀመረ፤
እኔ ወጣሁ፤
የሌንሱ ክዳን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።