ቦታ መያዝ

ጎህ ሳይቀድ አሞራ ገደል፣
ሐንካሞ ቢላውን እየሳለ
«አንጁሎ፣ ለየቱ ነህ? ለሻፌታ ወይስ ለጎጆ?» አለ።

«አባቴ በገዛ ቀዬው፣ በሰው ቋንቋ
ማመልከቻ ሲያስጽፍ አረጀ።
እኔ በእናቴ አፍ ‹ግባ› የሚለኝ በር ነው የምሻው።»

እውነቱን ነው።
የቆሮሶ ቅርፊት ከክንዴ አራገፍኩ።
እኔስ፣ ከሶዶ መጥቼ
አስራ ሁለት ዓመት በአንድ ጣውላ ዓሣ አብሬው የበለትኩት፣
በዚያ በር ስገባ ማን ልባል?

ሻፌታ ለከበበው ሁሉ ይበቃል ይላሉ፤
ዙሪያው ስንት ሰው እንደሚይዝ ግን
ሸክላ ሠሪዋም አልነገረችኝ።

ድምፅ ሰጥተን ወጣን። አልተጠያየቅንም።

ማታ ሐይቁ ዳር ታጠብን፤
ቅርፊቱ ለቀቀ፣
የጣታችን ቀለም እምቢ አለ።
«ነገ ከቀደምከኝ» አለ ሐንካሞ፣
«ቦታዬን ያዝልኝ።»